አማቴ ዘር ሲቆጥሩ

በጃፓን የሙት ወረቀት ከቁም ሰው ወረቀት ይወደዳል። አንድ ሰው የቤተሰቡን መዝገብ ግልባጭ ከማዘጋጃ ቤት ሲያወጣ 450 የን ይከፍላል፤ በውስጡ የሰፈሩት ሁሉ በሞት ወይም በጋብቻ ወጥተው የተዘጋ መዝገብ ከሆነ ግን 750 የን ይጠየቃል። እኔ በበኩሌ ዋጋው ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ፤ ቁም ሰው ቢጠፋ ስልክ ይደወልለታል፣ ሙት ፈልጎ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ድካም ነው። አማቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጎረቤቶቻቸው አበባ ሲተክሉ እሳቸው ቅድመ አያቶቻቸውን በ750፣ በ750 የን መግዛት ያዙ።

መዝገቡን ኮሴኪ ይሉታል። የጃፓን መንግሥት ዜጋውን የሚመዘግበው በነጠላ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን የማን ማደጎ ሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን ሞተ፤ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። አገር አቀፉ መዝገብ የተጀመረው በ1872 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ታገሡኝ)። ያ የመጀመሪያው ግን ከ1968 ወዲህ ለማንም አይታይም። የትኛው ቤተሰብ ከተናቀ ወገን እንደመጣ ስለሚያሳብቅ ተቆልፎበታል። ስለዚህ ፈላጊ ገንዘቡን ይዞ የሚደርሰው እስከ 1886ቱ ድረስ ነው። እዚያ ላይ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ ሽማግሌዎች ስለሚገኙ ይህም ቢሆን የዋዛ አይደለም።

ድሮ ቤተሰቡ በኖረበት ከተማ ሁሉ እየተዘዋወሩ ወይም ደብዳቤ እየጻፉ መለመን ግድ ነበር። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ግን ሰው በአካል ቀርቦ የወላጆቹንና የአያቶቹን መዝገብ ከየትም ማዘጋጃ ቤት ማውጣት ይችላል። አማቴም ቶኪዮ ውስጥ ከቤታቸው አጠገብ ካለው መስኮት ፊት ተሰልፈው ወፍራም ጥቅል ይዘው ተመለሱ። ነገሩ ያን ቀን ማለቅ ይገባው ነበር። ሁለት ነገር እንዳያልቅ አደረገው። አንደኛ፣ የድሮው መዝገብ በብሩሽ የተጻፈ ስለሆነ እንኳን እኔ፣ አማቴም ባለቤቴም ከግማሽ በላዩን ማንበብ አልቻሉም። ሁለተኛ፣ አማቴ «አያቶቼን ማዘጋጃ ቤት ሰላም ብዬ አልቀርም» አሉ። መቃብራቸው መታጠብ አለበት፣ ዕጣን መጨስ አለበት። ስለዚህ በሐምሌ ወደ ሰሜን ተነሣን። ባለቤቴ መኪና ነጂ፣ አማቴ መንገድ መሪ፣ እኔ ዕቃ ተሸካሚ። የሻንጣው እኩሌታ ለምናገኛቸው መነኮሳት ሁሉ የሚታደል የቶኪዮ ብስኩት ነበር፤ በጃፓን ባዶ እጁን የሚመጣ ዘመድ ፈላጊ ዘመድ አያገኝም።

የአማቴ የአባታቸው ቤት ስም ሳቶ ነው። እዚህ ላይ ለአማቴ ያዘንኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ሳቶ በመላው ጃፓን አንደኛ የበዛ የቤተሰብ ስም ነው፤ ሰሜኑ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰሜን ጃፓን መቃብር ቦታ ገብቶ «የሳቶ መቃብር የቱ ነው?» ማለት መርካቶ ገብቶ «ነጋዴው የት ነው?» እንደማለት ነው። ድንጋዩም አያግዝም፤ ብዙ ጊዜ የተቀረጸበት የሟቹ ስም ሳይሆን «የሳቶ ቤት መቃብር» የሚል ብቻ ነው። ተራው ሕዝብ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የታዘዘው በ1875 ስለሆነ ደግሞ ስሙ ብቻውን ለሳሙራይነት ምስክር አይሆንም። የአማቴ ቤት ግን ከሌሎቹ ሳቶዎች የሚለይበት ታሪክ አለው፤ ቅድመ አያታቸው የአይዙ ሳሙራይ ነበሩ እየተባለ ነው ያደጉት። እኔም ከዚህ ቤት ሚስት ሳገባ ይኸው ተነግሮኝ ኮርቼ ነበር።

አይዙ ዋካማጹ በፉኩሺማ ግዛት በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። በ1868 የአዲሱ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ጦር የሾጉኑን (የቀድሞውን ወታደራዊ ገዥ) ወገኖች ሲያሳድድ የአይዙን ግንብ ለአንድ ወር ያህል ከቦ በመድፍ ደበደበው። አይዙ ተሸነፈ። ዛሬ የሚታየው ግንብ በ1965 በሲሚንቶ እንደገና የተሠራ ነው፤ ቂሙ ግን የጥንቱ ነው። ከአሸናፊዎቹ አንዷ የሆነችው የሃጊ ከተማ በ1986 «እንግዲህ 120 ዓመት ሆነው፤ እንታረቅ» ብላ ብትልክ አይዙዎች «ገና 120 ዓመቱ ነው» ብለው መለሱ ይባላል። እዚህ አገር ደም ማድረቅ ጊዜ ይወስዳል።

ከከተማው ዳር ኢሞሪ የሚባል ኮረብታ አለ። ነጭ ነብር ከሚባለው የወጣቶች ጦር የተረፉ 20 ልጆች፣ ዕድሜያቸው 16 እና 17፣ ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆነው ግንቡ በጭስ ሲታፈን አዩ። ግንቡ የወደቀ መሰላቸው፤ ራሳቸውን ገደሉ። የሚቃጠለው ከተማው ነበር እንጂ ግንቡ አልወደቀም። አሥራ ዘጠኙ ሲሞቱ አንዱ ተረፈ፤ ኋላ የቴሌግራፍ ባለሙያ ሆኖ እስከ 1931 ኖረ። አማቴ ዕጣን አጨሱ፣ አለቀሱ። እኔም በልጆቹ ዕድሜ ልቤ ተነክቶ ዞር ስል አንድ የሮማ ዓምድ ተገትሮ አየሁ። አናቱ ላይ የነሐስ ንስር አለ።

አይኔን አሸሁ። ዓምዱ አልሄደም። በ1928 የሙሶሊኒዋ ሮማ የልጆቹን ጀግንነት አድንቃ የላከችው ስጦታ ነው። ከፖምፔይ ፍርስራሽ የመጣ ነው ይላሉ። ከጦርነቱ በኋላ የገቡት የአሜሪካ ወታደሮች ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፋቁት፤ ንስሩን ግን ማሩት። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ የሚስቴን አያት ፍለጋ የዓለም ዳርቻ ድረስ መጥቼ የማገኘው የገዛ አያቴን ጠላት ነው? ሰውየው በ1928 ለአይዙ ዓምድ ሰጠ፣ በ1937 ከአክሱም 24 ሜትር ሐውልት ወሰደ። ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው የሚተክል የድንጋይ ደላላ ነበር ማለት ነው።

አማቴ ከድንጋዩ ፊት ለምን እንደቆምኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፦
«መለሱላችሁ?» አሉ።
«በ2005 መለሱ።»
«ከስንት ዓመት በኋላ?»
«ከ68።»
«ቶሎ ነው» አሉና ወደ መኪናው አመሩ።

በአይዙ ቤተ መቅደሶች ብስኩቱ መታደል ጀመረ። ከ1872 በፊት ያለውን ዘር የሚያውቁት ቤተ መቅደሶች ናቸው፤ የሙታን መዝገብ ይይዛሉ። ይህ መዝገብ የበዛበትን አንዱን ምክንያት ስሰማ ግን ብስኩት የያዘው እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። በ1614 ክርስትና በመላው አገሪቱ ከታገደ በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ ክርስቲያን አለመሆኑን በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ተመዝግቦ ማስመስከር ነበረበት። አገሩን ሁሉ ያስመዘገበው የእኔ ብጤ ፍራቻ ነው። አማቴም ይህን እያወቁ መነኩሴውን እጅ ነሥተው «የልጄ ባል ነው፤ ከኢትዮጵያ። ክርስቲያን ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። መነኩሴው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። እገዳው በ1873 ቀርቷል፤ ቢሆንም እኔ በልቤ አማተብኩ።

መዝገቡን ለማንም አያሳዩም። የማን አያት ምን እንደነበር እየፈለፈለ የሰው ጋብቻ የሚያፈርስ ስለነበረ ብዙ ቤተ መቅደስ ዘግቶታል። መነኩሴው ራሳቸው ገብተው አይተው ወጡ። በ1868 የሞተ ሳቶ ሞልቷል። የትኛው ነው የእናንተ? የሞተበትን ቀን ታውቃላችሁ? አናውቅም። ከሞተ በኋላ የተሰጠውን ስምስ? በቡድሃ ሥርዓት ሟች አዲስ ስም ይወጣለታል፤ መዝገቡ የሚያውቀው በዚያ ነው። ሕይወቱን ሙሉ በተጠራበት ስም ብትጠይቅ ሰውየው የለም። አማቴ ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው «ቀን! ቀን ያስፈልጋል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀንና ዓመት ስለሌለው ነገር ከእሳቸው ጋር መነጋገር አልተቻለም።

ወደ ሰሜን በገፋን ቁጥር አንድ ነገር እየገባኝ መጣ። በሰሜን ጃፓን ትልቅ ሰው አይሞትም። ሂራይዙሚ ላይ በ1124 የተሠራ በወርቅ የተለበጠ ትንሽ አዳራሽ አለ፤ ሰሜኑን የገዙት የፉጂዋራ ጌቶች አስከሬን ከመሠዊያው ሥር ነው። በዚያው ከተማ በ1189 ዮሺጹኔ የተባለው እውቅ የጦር ጀግና የገዛ ወንድሙ ፈርቶት፣ አስጠጊዎቹም ከድተውት ሞተ። አንገቱ ሳኬ በሚባለው የሩዝ መጠጥ ተነክሮ ወንድሙ ወዳለበት ወደ ካማኩራ ተላከ። በበጋ ሙቀት ሳምንታት የተጓዘ አንገት ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይለየውም፤ በዚህች ቀዳዳ ሕዝቡ ጀግናውን አሾለከው። አልሞተም፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሰሜን ደሴት ሄደ ተባለ። ይህም ሳይበቃ በ1924 አንድ ጸሐፊ ዮሺጹኔ ሞንጎሊያ ገብቶ ጄንጊስ ካን ሆነ ብሎ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ተቸበቸበ።

ይህን ሰምቼ ስስቅ ባለቤቴ «ቆይ፣ ሺንጎ እንድረስ» አለች።

ሺንጎ በአኦሞሪ ግዛት ተራሮች መካከል ያለች መንደር ናት። እዚያ የኢየሱስ ክርስቶስ መቃብር አለ ይላሉ። እየቀለድኩ አይደለም፤ የመንገድ ምልክት ተተክሎለታል። ከ1930ዎቹ ወዲህ የሚወራው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በመስቀል የሞተው ወንድሙ ኢሱኪሪ ነው፤ እሱ ራሱ ሳይቤሪያን አቋርጦ እዚህ መጣ፣ የመንደሯን ሴት አገባ፣ ሦስት ሴት ልጆች ወለደ፣ በ106 ዓመቱ ዐረፈ። ሁለት ጉብታ አለ፤ አንዱ የእሱ፣ ሁለተኛው የወንድሙ ጆሮና የእመቤታችን የፀጉር ዘለላ ያረፈበት። በየዓመቱ ሰኔ መጀመሪያ እሑድ ሴቶች ኪሞኖ ለብሰው ጉብታዎቹን እየዞሩ ይጨፍራሉ።

አማቴ እኔን ለማስደሰት ብለው ነው ያመጡን። «ያንተ አምላክ ነው፤ ሂድ ተሳለም» አሉኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ምን ይመለሳል? አላመንኩም፣ አልተሳለምኩም፤ አማቴን ላለማስቀየም ብቻ ጎንበስ አልኩ፣ ጫማዬንም አሰርኩ። ነገር ግን እንደልቤ ለመሳቅም አቅም አጣሁ። እኔ ራሴ የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል የነገሥታት አገር ልጅ ነኝ፤ ታቦተ ጽዮን አክሱም፣ ግማደ መስቀሉ ግሸን ነው እያልኩ ነው ያደግኩት። የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችን ንጉሠ ነገሥቱ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከምኒልክ እንደሚወለዱ በአንቀጽ አስፍሯል፤ የዚያ ሕገ መንግሥት አርአያ ደግሞ የጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግሥት ነው፤ እሱም የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ተቋርጦ አያውቅም ይላል። በሰው ዘር የሚስቅ የራሱን ደብቆ ነው።

ከሺንጎ ሽቅብ ሺሞኪታ ልሳነ ምድር ገባን። የአይዙ ሽንፈት ታሪክ የሚቀጥለው እዚህ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ አዲሱ መንግሥት የአይዙን ሰዎች ከለምለሙ ሸለቆ ነቅሎ ቶናሚ በሚል አዲስ ስም ወደዚህ ነፋሻ ዳርቻ አሰፈራቸው። የድሮ ግዛታቸው በዓመት 230,000 ኮኩ ሩዝ የሚገመት ነበር፤ ኮኩ አንድ ሰው ዓመት የሚቀለብበት ያህል ነው። ቶናሚ በወረቀት 30,000 ተባለ፣ በእውነት ግን 7,000 ገደማ ነበር። ወደ 17,000 ሰው መጣ። ቀሪውን ሂሳብ ራሳችሁ ሥሩት። ሺባ ጎሮ የሚባል፣ ኋላ ጄኔራል የሆነ የአይዙ ልጅ በዚያ ክረምት የሞተ ውሻ ሥጋ መብላታቸውን ጽፏል። አልዋጥ ሲለው አባቱ ተቆጥተው፣ እዚህ በረሃብ ብንሞት ጠላቶቻችን መሳቂያ ያደርጉናል ብለው አስዋጡት። አማቴ ባሕሩ ዳር በቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ፊት ይህን ሲያነቡ ምንም አላሉም። ማታ ሆቴል ራት ሲቀርብ ግን ሳህናቸውን ጠርገው በሉ፤ የእኔንም እንድጠርግ አፈጠጡብኝ።

እዚያው ልሳነ ምድር ላይ ኦሶሬዛን አለ። ድኝ የሚሸት የእሳተ ገሞራ ምድር፣ ለሞቱ ሕፃናት የተተከሉ በነፋስ የሚሽከረከሩ የወረቀት አበቦች። በፈረንጅ ከሐምሌ 20 እስከ 24 በሚከበረው በዓል ኢታኮ የሚባሉ ሙታን ጠሪ ሴቶች ይመጣሉ። በጥንቱ ልማድ ዓይነ ሥውራን ናቸው፤ ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አማቴ ተሰለፉ። ወረቀትና መነኩሴ ያልነገራቸውን ሟቹ ራሱ እንዲነግራቸው። ረጅም ሰዓት ቆመው ገቡ፤ ኢታኮዋ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ነገር ምን መሰላችሁ? የሞተበትን ቀን! አማቴ ተስፋ ሳይቆርጡ ቀኑን የሚያውቁላቸውን የእናታቸውን እናት አስጠሩ። ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምን አሉ?» አልናቸው።
«በዚህ አገር ዘዬ ስለተናገሩ ግማሹ አልገባኝም። ጤናሽን ጠብቂ አሉኝ መሰለኝ።»
«ስለ ሳሙራዩስ?»
«እሳቸው እኮ በእናቴ በኩል ናቸው። ምን አገባቸው?»

ከኦማ ወደ ሃኮዳቴ በጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ የሰሜኑ ደሴት ሆካይዶ። ከቶናሚ ያመለጡት ሳቶዎች ቀድመው የተሻገሩ ዘመዶቻቸውን ተከትለው ዮይቺ ሰፈሩ። ዮይቺ ዛሬ በውስኪ ትታወቃለች፤ ማሳታካ ታኬጹሩ በ1934 ፋብሪካውን የተከለባት ናት፤ ውስኪው እስኪደርስ የፖም ጭማቂ እየሸጠ ነበር የቆየው። ፖሙን እዚያ በ1879 ቀድመው ያፈሩት ደግሞ ሰይፋቸውን የጣሉት የአይዙ ሰዎች ናቸው። መሬቱ ባለቤት አልባ አልነበረም፤ የአይኑ ሕዝብ ምድር ነው። ቶኪዮ አይኑዎችን የአገሩ ቀደምት ሕዝብ ብሎ በሕግ የተቀበለው በ2019 ነው። አማቴ ይህን ክፍል ዝም ብለው ነው የሰሙት። የተነቀለ ሰው ሌላውን ነቅሎ መትከሉን መቼም የማንም ቤት ታሪክ ጮክ ብሎ አያወራም።

የዮይቺው መነኩሴ ሽማግሌ ናቸው፤ የብሩሽ ጽሑፍ እንደ ጋዜጣ ያነባሉ። ብስኩቱን ተቀበሉ፣ ሻይ ቀዱ፣ መነጽር አደረጉ፣ የአማቴን ጥቅል ዘረጉ። የአይዙው ሳቶ አሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለች። ወንድ ልጅ የለም። መነኩሴው ጣታቸውን አንዲት መስመር ላይ አቆሙ፦
«ቅድመ አያትዎ ሳቶ ሆነው አልተወለዱም። በማደጎ የገቡ አማች ናቸው። ከጹጋሩ የመጡ የገበሬ ሁለተኛ ልጅ።»
ቀጠሉ፤ በዚያን ዘመን የጹጋሩ ገበሬ ሁለተኛ ልጅ ወደዚህ ባሕር ዳር የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው፤ በሄሪንግ ዓሣ ወቅት ለቀን ሥራ። ዓሣውን ያወጣሉ፣ ይቀቅላሉ፣ ይጨምቃሉ፤ ዝቃጩ ለደቡብ ማሳዎች ማዳበሪያ ይጫናል።

እኔ ደነገጥኩ። የሳሙራይ ዘር ነው ብዬ ያገባሁት ቤት በወንድ በኩል የዓሣ ማዳበሪያ ሆነ! በእኛ አገር ይህ ቢሆን ስንት ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አጥንት ተቆጥሮ፣ ስንቱ ተኳርፎ ይለያይ ነበር። ወደ አማቴ በፍርሃት ቀና አልኩ። ፊታቸው በርቷል።

«ጎበዝ ሰው ነበሩ» አሉ። «ቤቱ አልተዘጋም።»

በጃፓን የሚቆጠረው ደም ሳይሆን ቤት ነው። ወንድ ልጅ ከሌለ ጥሩ አማች ተመርጦ ስሙን ጥሎ የሚስቱን ቤት ስም ይለብሳል፣ ወራሽ ይሆናል። ዛሬም በአገሪቱ ከሚፈጸሙት ማደጎዎች አብዛኞቹ የሕፃናት ሳይሆኑ የአዋቂዎች ናቸው። የሱዙኪን የመኪና ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት የመሩት ኦሳሙ ሱዙኪ እንኳ በማደጎ የገቡ አማች ነበሩ። መነኩሴው ይህን እያስረዱኝ ሳለ አማቴ እኔን ከራስ እስከ እግር አዩኝ። ባለቤቴ ብቸኛ ልጅ ናት። ሻዬን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩ።

መቃብሩን አገኘን፣ አጠብን፣ ዕጣን አጨስን። ስንመለስ ጀልባው ውስጥ አማቴ ደብተራቸውን ገለጡና ወደ እኔ ዞሩ፦ «አሁን ያንተ።»

ይህንስ እችላለሁ አልኩ። በልጅነቴ አያቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ሰባት ቤት አጥንቻለሁ። አባቴን፣ የአባቴን አባት፣ የእሱን አባት እያልኩ ያለ አንዲት መሰናከል እስከ ሰባተኛው አወረድኩት፤ ያለ መዝገብ፣ ያለ መነኩሴ፣ ያለ 750 የን። አማቴ ሁሉንም የባዕድ ስም በሚጻፍበት በካታካና ፊደል ጻፉ። ከዚያ እርሳሳቸውን ከመጀመሪያው ስም ጎን አሳርፈው፦
«የተወለዱበት ዓመት?»
«አያቴ? ከማይጨው በፊት።»
«አባታቸውስ?»
«በምኒልክ ዘመን።»
አማቴ ተደሰቱ። የጃፓን መዝገብም በንጉሥ ዘመን ነው የሚቆጥረው፤ ሜጂ 4፣ ሜጂ 19 ይላል። እርሳሳቸውን አሾሉና፦
«ምኒልክ ስንት?» አሉ።

ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ አየች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

አማቴ ለመጪው ጥምቀት የአዲስ አበባ ቲኬት ቆርጠዋል፤ ከዚያ ወደ አያቶቼ አገር ወደ መንዝ ነው የምንወጣው። የብስኩቱን ካርቶን አይቼዋለሁ፤ ለሁሉም ደብር ይበቃል። እንግዲህ የመንዝ ሰዎች፣ በቤታችሁ የቆየ የክርስትና ወረቀት፣ ዳዊት ጠርዝ ላይ የተጻፈ የልደት ቀን፣ ዓመቱን ቆጥሮ የሚናገር ሽማግሌም ቢሆን ካላችሁ ከጥር 11 በፊት አሳውቁኝ። «ከአድዋ ትንሽ ቀደም ብሎ» የሚባል ዓመት አማቴ አይቀበሉም።